ስለ ስቴሪዮና ስለ ሳብዉፈር አተካከል፤ የወረታንና የፎገራ ሜዳን ቤቶች ምሳሌ በማድረግ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጐንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከዋናው በሚገነጠልበት ስፍራ የምትገኝ ከተማ ናት። ዙሪያዋን የከበባት የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ፣ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች የሚያቋርጡት፣ በከብቱም በሩዙም ስሙ የሚጠራ ለጥ ያለ አገር ነው። ስለ ሩዙና ስለ ከብቱ ብዙ ሰዎች ጽፈዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በዚያ አገር ቤቶች ውስጥ ስለሚሰማው ድምፅ ነው። ዛሬ በቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ ድምፅ ማጉያዎችን፣ በወለሉም ላይ አንድ ትልቅ የሳብዉፈር ሳጥን አስቀምጦ የሚያዳምጥ ቤተ ሰብ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም።

ጥያቄያችንም ይህ ነው። በሱቅ ውስጥ ሲሞከር ጥርት ብሎ የተሰማው ዕቃ ቤት ሲገባ ለምን ያጓራል? ዘፈኑን ከነቃሉ ያሰማል ተብሎ የተገዛው መሣሪያ ቃሉን ውጦ ጉምታውን ብቻ የሚተወው ስለ ምንድን ነው? ውድ የሆነ መለኪያ የሌለው ሰውስ በሜትር፣ በእጅ ስልክና በገዛ ጆሮው ብቻ ይህን ሊያቃና ይችላልን?

መልሱን አስቀድመን ለመናገር፣ የአብዛኛው ችግር ምንጭ ዕቃው ሳይሆን ዕቃው የተቀመጠበት ክፍል ነው። ሳብዉፈርም በትክክል ተተክሏል የሚባለው ጉልበቱ ጐልቶ ሲሰማ ሳይሆን የዘፈኑ ቃል ሳይደበዝዝ ሲሰማ ነው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ በየተራው እናስረዳለን።

1. ድምፅ፣ ስቴሪዮና ሳብዉፈር

ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። ንዝረቱ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚመላለስበት ቍጥር ድግግሞሽ ይባላል፤ መለኪያውም ኸርዝ ነው። የጤነኛ ወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ያለውን ይሰማል። ሳብዉፈር የሚያገለግለው የዚህን ሰፊ ክልል ታችኛ ጫፍ ብቻ፣ ይኸውም ከ20 ጀምሮ እስከ 100 ወይም 120 ኸርዝ ያለውን ነው። የከበሮ ጉምታና የቤዝ ጊታር ወፍራም አውታሮች የሚገኙት በዚህ ክፍል ነው፤ የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም አውታር በተለመደው ቅኝት 41 ኸርዝ ያህል ነው። ዋሽንት፣ ማሲንቆና የሴት ድምፅ ግን ከዚህ በላይ ናቸው።

ስቴሪዮ የሚባለው ድምፅን በሁለት መስመር ቀርጾ በሁለት ማጉያዎች ማሰማት ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን በ1931 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ማመልከቻ ያቀረበበት ይህ ሐሳብ የተመሠረተው ሰው ሁለት ጆሮ ያለው በመሆኑ ላይ ነው። ከግራ የመጣ ድምፅ ለግራ ጆሮ ቀድሞና ጐልቶ ይደርሳል፤ አእምሮም ከዚህ ጥቂት ልዩነት የድምፁን አቅጣጫ ይገምታል። ሁለቱ ማጉያዎች እኩል ሲናገሩ ግን ድምፁ ምንም ነገር ከሌለበት ከመካከለኛው ስፍራ የሚመጣ ይመስላል። ዘፋኙ ከፊታችን ቆሞ የሚዘፍን የሚመስለን በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ስለ ሞገድ ርዝመት አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ የቀረው ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማልና። ድምፅ በ23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር ውስጥ በሴኮንድ 345 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህን ፍጥነት በድግግሞሹ ብናካፍል የሞገዱን ርዝመት እናገኛለን። እንግዲህ የ3,000 ኸርዝ ድምፅ ሞገዱ 11.5 ሴንቲ ሜትር፣ ከስንዝር የሚያንስ ነው። የ80 ኸርዝ ግን 4.3 ሜትር፣ የ40 ኸርዝ 8.6 ሜትር ይሆናል። ቀጭኑ ድምፅ ክፍሉን እንደ ሰፊ ሜዳ ሲያገኘው፣ ወፍራሙ ድምፅ ግን ከክፍሉ የሚበልጥ ነውና እንደ ታሰረ ወይፈን ይሆንበታል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የተሳሳተ አስተያየት እናንሣ። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ድምፅ በዚያ ቀስ ብሎ ይሄዳል የሚል ሰው ቢኖር ትክክል አይደለም። የድምፅ ፍጥነት በሙቀቱ እንጂ በአየሩ ግፊት አይለወጥም። የሚለወጠው የአየሩ ጥግግት ነው፤ በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው በአምስተኛ ግድም ይሣሣል፤ ስለዚህ አንድ ማጉያ በእኩል ንቅናቄ የሚያወጣው ድምፅ በ2 ዴሲቤል ገደማ ያንሳል። ይህም በማስተካከያው በጥቂት የሚካካስ ነው።

2. ቤቱ ራሱ መሣሪያ ስለ መሆኑ

አንድ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 2.8 ሜትር የሆነ ሳሎን እንውሰድ። ወፍራም ድምፅ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ፣ የሞገዱ እኩሌታ ከግድግዳዎቹ ርቀት ጋር የተካከለ እንደ ሆነ የሚሄደውና የሚመለሰው ተደራርበው ቋሚ ሞገድ ይፈጥራሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 345ን ለርቀቱ እጥፍ ማካፈል ብቻ ነው። በምሳሌአችን ርዝመቱ 34.5 ኸርዝን፣ ወርዱ 43 ኸርዝን፣ ከፍታው 62 ኸርዝን ይሰጣል፤ ደግሞም የእነዚህ እጥፎች፣ 69ና 86 ኸርዝ ይከተላሉ። በእነዚህ ድግግሞሾች ክፍሉ ራሱ ይጮኻል። ማጉያው ዝም ካለ በኋላም ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ይንጠለጠላል።

ቋሚ ሞገድ በክፍሉ ውስጥ በሁሉም ስፍራ እኩል አይሰማም። በመጀመሪያው ደረጃ ግፊቱ ከግድግዳው አጠገብ ይበረታል፤ በሁለቱ ግድግዳዎች እኩሌታ ላይ ደግሞ ይጠፋል። እንግዲህ በአገራችን ሳሎን ሶፋው ግድግዳ ተጠግቶ ዙሪያውን እንደሚደረደር የታወቀ ነው። ያ ማለት አድማጩ ጉምታው እጅግ በሚበረታበት ስፍራ ይቀመጣል ማለት ነው። እንግዳ ተቀብሎ ለመጫወት የተመቸው አቀማመጥ ለማዳመጥ የማይመች ሆኖ ይገኛል። ዋናውን መቀመጫ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ማራቅ ከማናቸውም ቍልፍ በፊት የሚደረግ፣ ገንዘብም የማይጠይቅ ማስተካከያ ነው። ነገር ግን ለክፉም ለደጉም ከክፍሉ ትክክለኛ እኩሌታ ላይ አለመቀመጥ ይሻላል።

ክፍሉ አራት ማዕዘኑ እኩል፣ ለምሳሌ 4 በ4 የሆነ እንደ ሆነ የርዝመቱና የወርዱ ቋሚ ሞገዶች በአንድ ቍጥር ላይ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ በ43 ኸርዝ የሚሰማው ጉምታ ይበረታል። ክፍል ለመሥራት ያሰበ ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

የቤቱ አሠራርም ልዩነት አለው። በባሕር ዛፍ እንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱም ጨርቅ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ የሆነ ቤት ለወፍራም ድምፅ ክፍት ነው። ጨርቁ 40 ኸርዝን ሊያግድ አይችልምና ድምፁ ወደ ጣራው ሥር አልፎ ይወጣል፤ በክፍሉ ውስጥ የሚቀረው ጉምታ ያነሰ ይሆናል። በብሎኬትና በሲሚንቶ የተሠራ፣ ጣራውም ኮንክሪት የሆነ ቤት ግን ወፍራሙን ድምፅ ሁሉ መልሶ ወደ ውስጥ ይጥለዋል። ስለዚህ አንዱ የጭቃ ቤት ባለቤት ያለ ችግር የሚያዳምጥበትን ሳብዉፈር ሌላው ወደ አዲሱ የብሎኬት ቤት ወስዶ ቢያጓራበት ዕቃው ተበላሸ ብሎ መፍረድ አይገባውም።

ለዚህ መድኃኒት ይሆናል ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግድግዳውን በምንጣፍ ወይም በጋቢ መሸፈን ነው። ይህ ግን በከፊል ይጠቅማል፣ በከፊልም ይጐዳል። ቀዳዳማ ነገር ድምፅን በሚገባ የሚውጠው ውፍረቱ ወደ ሞገዱ ርዝመት አንድ አራተኛ ሲቀርብ ነው። ለ43 ኸርዝ ይህ 2 ሜትር ይሆናል! ጋቢው እንግዲህ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ይውጣል፤ ወፍራሙን ሳይነካው ይተወዋል፤ በመጨረሻም ክፍሉ ከቀድሞው ይልቅ ደብዛዛና ጉምጉም የሚል ይሆናል።

በፎገራ ግን ወፍራም ቀዳዳማ ነገር አልታጣም። በሩዝ ወፍጮ ቤቶች ደጃፍ የሚከመረው ገለፈትና ከአጨዳ በኋላ የሚቀረው የሩዝ ገለባ በውስጣቸው ብዙ አየር የያዙ ናቸው። አየር በሚያሳልፍ ጆንያ የተሞላ ገለባ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ወፍሮ በክፍሉ ማዕዘን ከወለል እስከ ላይ ቢደረደር፣ ግፊቱ የሚበረታው በማዕዘን ስለ ሆነ ከቀጭን መጋረጃ የበለጠ ያግዛል። ሆኖም ወፍራሙን ድምፅ ጨርሶ ያጠፋል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባም። ደረቅ ገለባ እሳትን፣ ፍሬ የቀረበትም አይጥን የሚጠራ መሆኑን መርሳት ጉዳት ያመጣል፤ ከምድጃና ከኤሌክትሪክ ሽቦ መራቅ አለበት።

3. የሁለቱ ማጉያዎች አቀማመጥ

ሥራው የሚጀመረው ሳብዉፈሩን ዘግቶ ሁለቱን ማጉያዎች በማስቀመጥ ነው። ደንቡም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ በሁለቱ ማጉያዎች መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዱ እስከ አድማጩ ያለው ርቀት እኩል ይሁን፤ ሦስቱ ነጥቦች እኩል ጐን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። በምሳሌአችን ክፍል 2 ሜትር ከሃያ ወይም 2 ሜትር ከግማሽ በቂ ነው። ርቀቱ በዓይን ግምት ሳይሆን በሜትር ወይም በሲባጎ ይለካ።

ሁለተኛ፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ማጉያ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ትክክል ይሁን። ማጉያውን ቁም ሣጥን ላይ ወይም ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጋር ማስቀመጥ ለዓይን ያምር ይሆናል እንጂ ለጆሮ አይረዳም።

ሦስተኛ፤ ግራና ቀኙ ይመሳሰል። አንዱ ማጉያ ማዕዘን ላይ፣ ሌላው በተከፈተ በር አጠገብ የሆነ እንደ ሆነ የመጀመሪያው ወፍሮ፣ ሁለተኛው ሣሥቶ ይሰማል።

አራተኛ፤ የሽቦው አገናኝ ይመርመር። በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለው የመደመር ምልክት ከማጉያው የመደመር ምልክት ጋር መገናኘት አለበት። በአንዱ ማጉያ ላይ ተገልብጦ ቢታሰር አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ዘፋኙም ከመካከል ይሸሽና የት እንዳለ የማይታወቅ ይሆናል።

ለዚህ ምርመራ የሚሻለው በአንድ መስመር ብቻ፣ ማለት በሞኖ የተቀረጸ የድሮ ዘፈን ነው። አምኃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ድርጅት ካቋቋመ በኋላ የወጡት የአዲስ አበባ ሸክላዎች ዛሬ በቀላሉ ይገኛሉ። በሞኖ የተቀረጸ ዘፈን ሲሰማ ድምፃዊው ከሁለቱ ማጉያዎች ልክ መካከል እንደ ቆመ መሰማት አለበት። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያዘነበለ እንደ ሆነ ርቀቱን ወይም የግራ ቀኝ ማመዛዘኛውን ማረም ያስፈልጋል።

4. ለሳብዉፈሩ ቦታ መፈለግ

ወፍራም ድምፅ ሞገዱ ረጅም ስለ ሆነ ከየት አቅጣጫ እንደ መጣ ጆሮ ለመለየት ይቸገራል። ሳብዉፈር አንድ ብቻ ሆኖ የሚበቃውና ከመካከል ውጭ መቀመጥ የሚችለው ለዚህ ነው። ይህ ማለት ግን የትም ቢቀመጥ አንድ ነው ማለት አይደለም። ማዕዘን ላይ ቢቀመጥ ድምፁ ከሁሉ ይልቅ ይበረታል፤ ቋሚ ሞገዶቹን ሁሉ ግን አብሮ ይቀሰቅሳል።

ቦታውን ለማግኘት አንድ የታወቀ ብልሃት አለ። ሳብዉፈሩን አድማጩ በሚቀመጥበት ሶፋ ላይ ወይም በዚያው ስፍራ ማስቀመጥ፤ ወፍራም ድምፅ ያለማቋረጥ የሚሰማበትን ዘፈን መክፈት፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ራሱ ተንበርክኮ፣ ጆሮውን ወደ ወለሉ አቅርቦ፣ በግድግዳው ዙሪያ እየተንቀሳቀሰ ማዳመጥ ነው። በአንዱ ስፍራ ጉምታው ያብጣል፤ በሌላው ይጠፋል፤ እያንዳንዱ ማስታ ተለይቶና ተስተካክሎ የሚሰማበት ስፍራም ይገኛል። ሳብዉፈሩ የሚቀመጠው በዚያ ነው። ይህ ዘዴ የሚሠራው የድምፁ ምንጭና አድማጩ ቦታ ቢለዋወጡ በመካከላቸው ያለው የድምፅ መተላለፍ ስለማይለወጥ ነው።

የሳብዉፈሩ ሳጥን ቀዳዳ ያለው ከሆነ ቀዳዳው በግድግዳ ወይም በመጋረጃ እንዳይዘጋ መጠንቀቅ ይገባል። በባዶ ቅል ወይም በጠርሙስ አፍ ላይ የነፋ ሰው አንድ ወፍራም ድምፅ እንደሚወጣ ያውቃል። በአፉ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ በሆዱ ያለው አየር እንደ ምንጭ ብረት ሆነው ይነዝራሉ። የሳጥኑ ቀዳዳ ሥራም ይኸው ሲሆን፣ ማጉያው ብቻውን የማይደርስበትን ዝቅተኛ ድምፅ ያግዛል። የተዘጋ ቅል እንደማይጮህ ሁሉ የተዘጋ ቀዳዳም ሥራውን አይሠራም።

በክረምት የፎገራ ዋልካ መሬት ውሃ ይቋጥራል፤ ርብና ጉማራም ሞልተው ሜዳውን የሚያጥለቀልቁበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በአፈር ወለል ላይ የሚቀመጥ ሳጥን በድንጋይ ወይም በጡብ ላይ ከፍ ማለት አለበት። ይህም ድምፁን ሳይለውጥ እንጨቱን ከእርጥበት ያድነዋል።

5. መክፈያው፣ ፌዙና መጠኑ

ቦታው ከተያዘ በኋላ በሳብዉፈሩ ጀርባ ያሉት ሦስት ማስተካከያዎች ይመጣሉ። በርካሹ ዓይነት ላይ የሚገኘው የመጠኑ ብቻ ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ ቦታውን በትክክል መምረጥ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ክሮስኦቨር የሚባለው መክፈያ ነው። ይህ ሳብዉፈሩ ከየትኛው ድግግሞሽ በታች እንዲሠራ የሚወስን ነው። ዋናዎቹ ማጉያዎች መካከለኛ መጠን ካላቸው 80 ኸርዝ ጥሩ መነሻ ነው። ማጉያዎቹ እጅግ ትናንሽ ከሆኑ እስከ 120 ኸርዝ ከፍ ማድረግ ግድ ይሆናል። ከዚያ በላይ ከወጣ ግን የወንድ ዘፋኝ ድምፅ መሠረቱ ከ85 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ ስለሚገኝ ከሰውየው እኩሌታው ከፊታችን፣ እኩሌታው ከማዕዘኑ ሳጥን ውስጥ መሰማት ይጀምራል።

ሁለተኛው ፌዝ የሚባለው ሲሆን 0ና 180 የሚል ምልክት አለው። ነገሩ ሁለት ሰዎች ሙቀጫ ተራ በተራ እንደሚወቅጡ ያለ ነው። ሳብዉፈሩና ማጉያዎቹ በሚገናኙበት ድግግሞሽ አንዱ ሲገፋ ሌላው ቢስብ ይሻራሉ። የ80 ኸርዝ ሞገድ እኩሌታው 2.16 ሜትር ነው፤ እንግዲህ ሳብዉፈሩ ከማጉያዎቹ ይልቅ ከአድማጩ በዚህ ያህል ቢርቅ ድምፁ ተገልብጦ ይደርሳል። ለማወቅም በመገናኛው ድግግሞሽ አካባቢ ያለ ድምፅ እያሰሙ፣ አንድ ሰው ምልክቱን ሲለዋውጥ ሌላው በመቀመጫው ሆኖ ያዳምጥ። ጐልቶ የተሰማው ትክክለኛው ነው።

ሦስተኛው መጠን ነው። በእጅ ስልክ ላይ ድምፅ የሚያመነጩና ድምፅ የሚለኩ ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። የመጀመሪያውን ይዞ ከ20 እስከ 120 ኸርዝ ቀስ እያሉ መውጣትና የሚያብጠውንና የሚጠፋውን መጻፍ ስለ ክፍሉ ብዙ ያስተምራል። ውጤቱን ከላይ ካደረግነው ሒሳብ ጋር ማነጻጸርም ደስ የሚል ሥራ ነው። በሁለተኛው ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መለኪያው «ኤ» በሚባለው ሚዛን የተደረገ እንደ ሆነ በ50 ኸርዝ የ30 ዴሲቤል ያህል ቀንሶ ያሳያል፤ ያንን የተከተለ ሰው ሳብዉፈሩን ከልክ በላይ ይከፍተዋል። «ሲ» የሚባለው ሚዛን ይሻላል። ደግሞም የብዙ ስልኮች ማይክሮፎን ለንግግር የተሠራ ስለ ሆነ ዝቅተኛውን ድምፅ ቀንሶ ይቀበላል። ስለዚህ ስልኩ ግራና ቀኝ ማጉያዎችን ለማመዛዘን ይበቃል፤ ለሳብዉፈሩ ግን የመጨረሻው ዳኛ ጆሮ ነው።

ጆሮም የራሱ ጠባይ አለው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ ፈጥኖ ያጣዋል። ስለዚህ በጩኸት የተስተካከለ ሳብዉፈር ድምፁ ሲቀነስ የሌለ ይመስላል፤ በዝግታ የተስተካከለም ሲከፈት ያጓራል። መጠኑ የሚስተካከለው ቤተ ሰቡ በየቀኑ በሚያዳምጥበት ከፍታ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማያቋርጥ እምምታ ቢሰማ የክፍሉ ጥፋት አይደለም። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ ስለ ሆነ ያ እምምታና እጥፉ፣ 100 ኸርዝ፣ ልክ በሳብዉፈሩ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። የድምፁን ገመድ ከኤሌክትሪኩ ገመድ ማራቅና ዕቃዎቹን ሁሉ ከአንድ ማከፋፈያ ማገናኘት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። የመሬት ሽቦውን መቍረጥ ግን ሕይወት የሚያሳጣ ስለ ሆነ ፈጽሞ አይደረግም።

6. በቃሉ መመርመር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በአገራችን ዘፈን ቃሉ ከዜማው የማያንስ፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ዋጋ አለው። ሰምና ወርቅ የለመደ አድማጭ የአዝማሪውን ግጥም የሚጠብቀው በፊደሉ መጥበቅና መላላት ጭምር ነው። «ይበላል» የሚለው ቃል በላልቶ ሲነገር አንድ ሰው ምግብ መብላቱን፣ በጠብቆ ሲነገር ደግሞ ምግቡ መበላቱን ያመለክታል። በጽሕፈት አንድ የሆኑትን ሁለቱን የሚለያቸው ከንፈር ተዘግቶ የሚቈይበት እጅግ አጭር ጊዜ ነው። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» የመሳሰሉትን ከ«ተ»፣ ከ«ከ»፣ ከ«ቸ» የሚለያቸውም በቀጭኑ የድምፅ ክልል የምትሰማ አጭር ፍንጥቅታ ናት።

እንግዲህ ወፍራም ድምፅ ከእርሱ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ የመሸፈን ኃይል እንዳለው በጆሮ ጥናት የታወቀ ነው፤ ድምፁ በበረታ ቍጥር ሽፋኑ ወደ ላይ ይዘረጋል። ክፍሉ በ43 ኸርዝ ሲያጓራ ጉምታው ከማስታው በኋላ ይንጠለጠልና ጸጥታ ሊሆን የሚገባውን ያንን አጭር ጊዜ ይሞላዋል። የጠበቀው ከላላው አይለይም፤ ወርቁ በሰሙ ውስጥ ይቀራል። ድምፁን ከፍ ማድረግም አያድንም፤ ሸፋኙም አብሮ ከፍ ይላልና።

ስለዚህ የመጨረሻው ምርመራ እንዲህ ይደረግ። ግጥሙን አስቀድመን የማናውቀውን የማሲንቆ ዘፈን ሳብዉፈሩን ዘግተን እናዳምጥ፤ የሰማነውንም ቃል እንጻፍ። ቀጥሎ ሳብዉፈሩን ከፍተን ሌላ እንዲሁ ያለ ዘፈን እናዳምጥ። በሁለተኛው ብዙ ቃል ያመለጠን እንደ ሆነ መጠኑ ይቀነስ።

በገናም ጥሩ መርማሪ ነው። ዐሥሩ አውታሮች ከድልድዩ ጋር በሚገናኙበት ስፍራ እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ ቍራጭ ቆዳዎች አሉባቸው፤ ያ የታወቀው ዝንዝንታ የሚመጣው ከእነርሱ ነው። ዝንዝንታው ከመሠረቱ ድምፅ በላይ ብዙ ድርብርብ ድምፆች ይይዛል። ትንሽ ሬዲዮ መሠረቱን ማውጣት ባይችል እንኳ አእምሮ ከድርብርቦቹ መሠረቱን ስለሚገምት በገናውን እናውቀዋለን። በትክክል የተተከለ ሳብዉፈር ሲጨመር በገናው ይገዝፋል፤ ዝንዝንታው ግን እንደ በፊቱ ጥርት ብሎ ይሰማል። ዝንዝንታው ከደበዘዘ ሥራው አላለቀም። በከበሮም እንዲሁ ነው፤ የምንሰማው ምት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው እንጂ የተጐተተ ጉምታ መሆን የለበትም።

በዚህ ምርመራ ጊዜ የቤቱ ዕቃም ይናገራል። የቆርቆሮ ጣራ፣ የብረት በርና መስኮት፣ በቡፌ ውስጥ ያለ ስኒና ብርጭቆ በየራሳቸው ድግግሞሽ ይንቀጠቀጣሉ። የላላ ሚስማር መምታትና ከመስታወቱ ዳር ላስቲክ ማድረግ ከማንኛውም አዲስ ዕቃ የበለጠ የሚጠቅምበት ቤት አለ።

7. ስለ ጎረቤት

ይህ ሁሉ የባለቤቱን ጆሮ የሚመለከት ነው፤ ድምፁ ግን በባለቤቱ ቤት አይወሰንም። ግድግዳ ድምፅን የሚያግደው በክብደቱ ነው። ይኸው ግድግዳ ለዝቅተኛ ድምፅ ይበልጥ ክፍት ነው፤ በሒሳቡ መሠረት ድግግሞሹ በእኩሌታ በቀነሰ ቍጥር የማገድ ኃይሉ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ጎረቤቱ የሚሰማው ዘፈኑን ሳይሆን ጉምታውን ብቻ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ በተርታ በተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ግድግዳው ኮርኒስ ላይ ሲደርስ ያበቃና የጣራው ሥር ለሁሉም የጋራ ይሆናል። ድምፁ በግድግዳው ማለፍ ሳያስፈልገው በላዩ ተሻግሮ ይወርዳል።

በማግሥቱ ፈተና ያለበት ተማሪ፣ ሌሊት ወፍጮ ቤት ሲሠራ አድሮ በቀን የሚተኛ ሠራተኛ፣ ሕፃን የታቀፈች እናት በዚያው ጣራ ሥር ይኖራሉ። በሠፈር ለቅሶ ሲኖር ሙዚቃ እንደሚዘጋ ሁሉም ያውቃል፤ ይህ መልካም ልማድ ለሕያዋን ዕረፍትም ቢያገለግል ምን ይከፋል? ከምሽት በኋላ ሳብዉፈሩን ብቻ መዝጋት ለአድማጩ ቃሉን ሳያስቀር ለጎረቤቱ ዕንቅልፉን ይመልስለታል።

የራስ ጆሮም ጎረቤት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ40 ሰዓት ያልበለጠ የ80 ዴሲቤል ድምፅ ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የተፈቀደው ጊዜ በእኩሌታ ይቀንሳል። በ89 ዴሲቤል የሚያዳምጥ ሰው በሳምንት ያለው 5 ሰዓት ብቻ ነው ማለት ነው። የተጐዳ የጆሮ ሕዋስ አይመለስም፤ መጀመሪያ የሚጠፋውም ቃልን የሚለየው ቀጭኑ ድምፅ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የዘረዘርነውን በቅደም ተከተል ብናስቀምጠው እንዲህ ይሆናል፤ መቀመጫውን ከግድግዳ ማራቅ፤ ሁለቱን ማጉያዎች በእኩል ሦስት ማዕዘን ማስቀመጥና ሽቦውን መመርመር፤ ለሳብዉፈሩ ተንበርክኮ ቦታ መፈለግ፤ መክፈያውን ከ80 ኸርዝ መጀመር፤ ፌዙን ጐልቶ በሚሰማበት መተው፤ መጠኑን በቃሉ ጥራት መወሰን፤ በመጨረሻም ወደ ደጅ ወጥቶ ከጎረቤት በር አጠገብ ቆሞ ማዳመጥ። ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ለሥነ ፍጥረት ትምህርት ጓደኞቻችን አንድ አሳብ አቅርበን እናበቃለን። የጭቃ ቤት፣ የቆርቆሮ ጣራና የጨርቅ ኮርኒስ ድምፅን እንዴት እንደሚይዙ፣ የሩዝ ገለባና ገለፈትም በየውፍረታቸው ምን ያህል እንደሚውጡ በመለኪያ መመርመር በእኛ ዐቅም ሊሠራ የሚችል ጥናት ነው። በእጃችን ያለው ሜትር፣ ስልክና ገለባ ለመጀመር ይበቃል፤ የሚገኘውም ቍጥር ለአዳማጩ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤትና አዳራሽ ለሚሠራው ሁሉ ይጠቅማል፤ መምህር የሚናገረው ቃልም እንደ ዘፈኑ ቃል በክፍሉ ይጠራል ወይም ይጠፋልና።